የፖሊሲ ጥናት ተቋማት በብሔራዊ ደኅንነትና በሕዝብ ዲፕሎማሲ ውስጥ ያላቸው ድርሻ

የፖሊሲ ጥናት ተቋማት፣ ብዙዎች «ቲንክ ታንክ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ መንግሥት ሊወስንባቸው የሚገቡ ጉዳዮችን እያጠኑ ለውሳኔ ሰጪዎችና ለሕዝብ አማራጭ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ የሚለዩት ጥናታቸው ለውሳኔ ታስቦ የሚሠራ በመሆኑ ሲሆን፣ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚለዩት ደግሞ የማዘዝም የማስፈጸምም ሥልጣን ስለሌላቸው ነው። ጦር አያንቀሳቅሱም፣ አምባሳደር አይሾሙም፣ በጀት አያጸድቁም። ይሁን እንጂ ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት ጦር የት እንደሚሰፍር፣ ባላንጣ አገሮች በየትኛው መድረክ እንደሚገናኙ፣ አንድ መንግሥት በሌሎች ዘንድ በምን ዓይን እንደሚታይ በተወሰነባቸው ብዙ አጋጣሚዎች የእነዚህ ተቋማት እጅ ነበረበት። የተጽዕኗቸው ዋና ምንጭ፣ በዚህ ጽሑፍ እምነት፣ ቀውስ ከመምጣቱ በፊት ጥያቄው እንዴት መነሣት እንዳለበት ቀድመው መወሰናቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምቶቹ አንዱ በዌሊንግተን መስፍን አነሳሽነት በ1831 ለንደን ውስጥ የተመሠረተውና በአጭር ስሙ ሩሲ የሚባለው የብሪታንያ የጦር ጥናት ተቋም ነው። በ1910 ደግሞ አሜሪካዊው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ 10 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ስለ ሰላም የሚያጠና ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ የምናውቀው የተቋማቱ መልክ ግን የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የሄዱ የብሪታንያና የአሜሪካ ልዑካን አባላት ማጀስቲክ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው፣ የውጭ ጉዳይን በቅጡ አጥንቶ ለሕዝብ የሚያስረዳ ቋሚ ተቋም እንደሚያስፈልግ ተመካከሩ። ከዚያ ምክክር በ1920 ለንደን ላይ በኋላ ቻተም ሃውስ በሚል ስም የታወቀው ተቋም፣ በ1921 ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ የውጭ ግንኙነት ምክር ቤት ተመሠረቱ። የኒው ዮርኩ ተቋም ከ1922 ጀምሮ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ነው ዲፕሎማቱ ጆርጅ ኬናን በሐምሌ 1947 ስሙን ደብቆ፣ የሶቪየት ኅብረትን መስፋፋት በትዕግሥትና በጽናት መግታት ይገባል የሚለውን ጽሑፉን ያወጣው፤ ሐሳቡም ለአርባ ዓመታት ያህል የአሜሪካ ፖሊሲ መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

ቻተም ሃውስ ለዓለም ያበረከተው ትልቁ ነገር አንድ አጭር ደንብ ነው። በ1927 በወጣው በዚህ ደንብ መሠረት፣ በስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው የሰማውን ቁም ነገር እንዳሻው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ማን እንደተናገረውና ተናጋሪው የየትኛው ድርጅት ሰው እንደሆነ ግን ሊገልጽ አይችልም። የደንቡ ጥቅም የሚታየው የመንግሥት ባለሥልጣን በመድረኩ ላይ ሲቀመጥ ነው። በመግለጫ ላይ የመንግሥቱን አቋም ከመድገም ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው፣ ስሙ ከአዳራሹ እንደማይወጣ ሲያውቅ አቋሙ የት ላይ እንደሚላላና መንግሥቱ በእርግጥ የሚፈራው ምን እንደሆነ ሊናገር ይደፍራል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ በሚካሄዱ የቀጣናው ጸጥታ ስብሰባዎች ላይም አወያዩ ውይይቱን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ደንብ በማስታወስ ነው።

የብሔራዊ ደኅንነት ጥናት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ግን በራንድ ኮርፖሬሽን ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል አዛዦች በጦርነቱ ያገለገሉት ሳይንቲስቶች ወደየዩኒቨርሲቲው እንዳይበተኑ ሰግተው፣ ከዳግላስ የአውሮፕላን ኩባንያ ጋር የጥናት ውል ገቡ። በ1946 የወጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ምድርን የምትዞር መንኮራኩር መሥራት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር፤ ይህም የመጀመሪያዋ የሶቪየት ሳተላይት ስፑትኒክ ከመምጠቋ 11 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1948 ራንድ ከኩባንያው ተለይቶ፣ ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ የተቀመጠ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ።

ራንድን ለማወቅ አንድ ጥናቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በ1951 አየር ኃይሉ በባሕር ማዶ የሚሠሩ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጣቢያዎች በዝቅተኛ ወጪ እንዴት ሊገነቡ እንደሚችሉ እንዲጠና ጠየቀ። ጥያቄው የግንባታና የሎጂስቲክስ ይመስል ነበር። ጥናቱ የተሰጠው የሒሳብና የሎጂክ ምሁር የነበረው አልበርት ዎልስቴተር ግን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጥያቄውን ራሱን መረመረ። ለሶቪየት ኅብረት የቀረበ ጣቢያ ለጥቃት ጉዞ እንደሚያመች ሁሉ ለጠላትም ቅርብ ነው፤ ጠላት ቀድሞ በድንገት ቢመታ አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሡ ይወድማሉ። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ መቀመጫቸው አሜሪካ ሆኖ፣ የባሕር ማዶ ጣቢያዎች ለነዳጅ መሙያ ብቻ እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቀረቡ። መኮንኖቹ በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ አጥኚዎቹ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየዞሩ ያንኑ ገለጻ ደጋግመው ማቅረብ ነበረባቸው። አየር ኃይሉ የሐሳቡን ፍሬ ነገር በ1953 ተቀበለ፤ ሙሉው ሪፖርት በ1954 ወጣ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ትልቁ ቁም ነገር ግን ስለ ጣቢያ አልነበረም። አንድ አገር ጠላቱን ከጥቃት የሚያቅበው በያዘው መሣሪያ ብዛት ሳይሆን፣ ድንገተኛ ምት ተቀብሎ ከዚያ በኋላ አጸፋ ለመመለስ በሚተርፈው አቅም ነው የሚለው አስተሳሰብ የኑክሌር ዘመን ስትራቴጂ ዋልታ ሆነ።

ያው ተቋም በቬትናም የገጠመው ነገር የዚህን ሙያ ድክመት ያሳያል። ራንድ ከ1964 ጀምሮ ሳይጎን ላይ ቢሮ ከፍቶ፣ የተማረኩና የከዱ የቬትኮንግ (የኮሚኒስት ሽምቅ ጦር) ተዋጊዎችን እያነጋገረ ከ2,000 በላይ ቃለ መጠይቆችን ሰብስቧል። መጀመሪያ የተላኩት ሁለት አጥኚዎች ተዋጊዎቹ ለዓላማቸው የጸኑ፣ ሥርዓት ያላቸውና በቀላሉ የማይበገሩ እንደሆኑ ሪፖርት አደረጉ። በእነሱ ቦታ የመጣው ሊዮን ጉሬ ግን ተመሳሳይ ቃለ መጠይቆችን ይዞ የአየር ድብደባው የተዋጊዎቹን ሞራል እየሰበረ ነው አለ። ዋሽንግተን በደስታ የሰማችው ሁለተኛውን ነበር። የራንድ ዋና ደንበኛ ድብደባውን የሚያካሂደው አየር ኃይል መሆኑን ላስተዋለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም የመጀመሪያው ሪፖርት ሰሚ ማጣቱ የስንት ሰው ሕይወት እንዳስከፈለ ማሰብ ልብን ያደማል። በ1971 ስለ ቬትናም ጦርነት አመጣጥ የተጻፈውንና 7,000 ገጽ ያህል የነበረውን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (የፔንታጎን) ምስጢራዊ ጥናት ለጋዜጦች አሳልፎ የሰጠው ዳንኤል ኤልስበርግም የራንድ ተንታኝ ነበር።

ጥናት ወደ ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ እንደየአገሩ ይለያያል። በዋሽንግተን ዋናው መንገድ ሰው ነው። አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ 4,000 ያህል የፖለቲካ ሹመቶች ይከፈታሉ፤ ከሥልጣን የወረዱት ወደ ጥናት ተቋማት ይገባሉ፣ በተቋማቱ ሲጽፉ የቆዩት ደግሞ ወደ ነጩ ቤተ መንግሥትና ወደ ፔንታጎን ይሻገራሉ። ሁለተኛው መንገድ ወቅቱን የጠበቀ አጭር ሰነድ ነው። በታኅሣሥ 2006 የኢራቅ ጦርነት እየተበላሸ ሳለ፣ የአሜሪካን ኢንተርፕራይዝ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ፍሬድሪክ ኬጋን ከጡረታ የወጣውን ጄኔራል ጃክ ኪንን ይዞ ተጨማሪ ጦር ወደ ባግዳድ እንዲላክ የሚጠይቅ እቅድ አቀረበ። አንድ ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ቡሽ ከ20,000 በላይ ተጨማሪ ወታደሮች እንደሚላኩ አስታወቁ። እቅዱ ብቻውን ውሳኔውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ፕሬዚዳንቱ ሲያመነቱበት የነበረውን አማራጭ በቁጥርና በካርታ አስደግፎ ጠረጴዛቸው ላይ ማስቀመጡ ግን ቀላል ነገር አልነበረም።

በመካከለኛው ምሥራቅ ተቋማትን የወለደው ሽንፈትና ድንጋጤ ነው። ግብፅ በሰኔ 1967 ከተሸነፈች በኋላ፣ ጠላቷን ሳታውቅ መዋጋቷ በተሰማቸው ሰዎች ጥረት በ1968 ካይሮ ላይ የአል አህራም የፖለቲካና የስትራቴጂ ጥናት ማዕከል ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም እስራኤልን ማጥናት ነበር። እስራኤልም በ1973 ሳታስበው ከተመታች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የቀድሞው የወታደራዊ መረጃ ኃላፊ አሃሮን ያሪቭ በ1977 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የስትራቴጂ ጥናት ማዕከል መሠረተ። ይህ ማዕከል ዛሬ የብሔራዊ ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ይባላል፤ የአገሪቱን ስጋቶች በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውን ዓመታዊ ግምገማውንም ለፕሬዚዳንቱ በይፋ ያስረክባል። በሁለቱም አገሮች የታሰበው አንድ ነገር ነው፤ የመረጃ ድርጅቱ የተሳሳተ እንደሆነ «ተሳስታችኋል» የሚል ከውጭ የቆመ አንደበት እንዲኖር።

በሕዝብ ዲፕሎማሲ ረገድ፣ ማለትም የሌላውን አገር ሕዝብና ልሂቃን አስተያየት ለመሳብ በሚደረገው ጥረት፣ ተቋማቱ የሚሰጡት አገልግሎት ሌላ መልክ አለው። ኤምባሲ ሲናገር የሚሰማው መንግሥት ነው፤ ተመራማሪ ሲናገር ግን አድማጩ ቢያንስ ለጊዜው ጆሮውን ይሰጣል። በ1958 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የስትራቴጂ ጥናት ኢንስቲትዩት ከ2002 ጀምሮ ሲንጋፖር ላይ የሻንግሪላ ጉባኤን ያዘጋጃል፤ የአሜሪካ፣ የቻይናና የእስያ አገሮች የመከላከያ ሚኒስትሮችም ይገኙበታል። ጋባዡ መንግሥት ባለመሆኑ፣ መምጣት ለማንም እጅ መስጠት አይመስልም። በ2022 የአሜሪካና የቻይና የመከላከያ ሚኒስትሮች በዚያ ተገናኝተው ተወያዩ፤ በ2023 ግን የቻይናው ሚኒስትር ለመወያየት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተው፣ ሁለቱ ሰዎች በእራት ግብዣው ላይ ከመጨባበጥ አላለፉም። ያን ዓመት የሁለቱን ኃያላን ግንኙነት ለመለካት ብዙ ጋዜጠኞች የተጠቀሙበት ያንኑ መጨባበጥ ነበር። በሌላ በኩል ስዊድን በ1966 ያቋቋመችው የስቶክሆልም የሰላም ጥናት ተቋም (ሲፕሪ) የዓለምን የጦር መሣሪያ ንግድና የወታደራዊ ወጪ አኃዝ ስለሚያወጣ፣ ትጥቅ በሚነሣበት ቦታ ሁሉ የአገሪቱ ዋና ከተማ የስቶክሆልም ስም አብሮ ይነሣል። ለአንዲት ትንሽ አገር ከዚህ የተሻለ ዲፕሎማሲ ማግኘት ከባድ ነው።

ይህ ተአማኒነት ዋጋ ስላለው ሊገዙት የሚመጡ አይጠፉም። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በርካታ የውጭ መንግሥታት ለዋሽንግተን ተቋማት ገንዘብ እንደሚሰጡና ኳታር ብቻ ከእነዚሁ ተቋማት አንዱ ለሆነው ለብሩኪንግስ በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት መስማማቷን ገለጸ። ተቋማቱ ነጻነታችን አልተነካም ብለው መልሰዋል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የተጻፈውን አያስቀይርም፤ የሚያመጣው ጉዳት ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ነው፣ ያልተነሣን ጥያቄ ደግሞ ማንም አርታኢ አያርመውም።

በአፍሪካ ከታወቁት አንዱ በ1991 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተመሠረተው የጸጥታ ጥናት ኢንስቲትዩት (አይኤስኤስ) ሲሆን፣ አዲስ አበባ ባለው ቢሮው የአፍሪካ ኅብረትን የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ሥራ በቅርብ ይከታተላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሰላምና የጸጥታ ጥናት ኢንስቲትዩት ደግሞ የጣና ፎረም ጽሕፈት ቤት ሆኖ አገልግሏል። በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ባሕር ዳር ላይ የተጀመረው ይህ ፎረም፣ በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ሰብሳቢነት መሪዎችንና ምሁራንን ከጉባኤ ፕሮቶኮል ወጣ ባለ መንገድ ያወያየ ነው። መግለጫ አርቅቆ ለመፈራረም የሚደረግ ጭቅጭቅ ስላልነበረበት፣ በአዲስ አበባው የመሪዎች ጉባኤ ላይ የማይነሡ ነገሮች በሐይቁ ዳር ይነሡ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2002 በማስታወቂያ ሚኒስቴር በኩል ያሳተመችው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ፣ የአገሪቱን ዋና ስጋት ድህነትና ኋላ ቀርነት አድርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመለከት ሰነድ ነበር። ሐሳቡ ሥር ነቀል ቢሆንም የተረቀቀው በመንግሥትና በገዢው ፓርቲ ውስጥ እንጂ በተቋማት ፉክክር አልነበረም። በ1990ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የሰላምና የልማት ኢንስቲትዩት ይሠራው የነበረውን ዓይነት ጥናት ከተከታታይ የመዋቅር ለውጦች በኋላ ዛሬ የሚያከናውነው የውጭ ጉዳይ ኢንስቲትዩት ነው። ስምና ተጠሪነት በተቀያየረ ቁጥር መዛግብትና ልምድ ያካበቱ ሰዎች ይበተናሉ፤ አንድን ጎረቤት አገር ለሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ያጠና ባለሙያ ደግሞ በአንድ የበጀት ዓመት አይተካም።

የዚህ ክፍተት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በዓባይ ጉዳይ ነው። በ2011 የግብፅ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን የኢንቴቤ የትብብር ስምምነት ማጽደቅ ለጊዜው እንዲያዘገዩ አግባብቷል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ያጸደቀችው በሰኔ 2013 ነው። በኅዳር 2014 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ደግሞ የህዳሴው ግድብ አሞላልና ከአስዋን ግድብ ጋር የሚኖረው የተቀናጀ አሠራር ዋና ጥያቄ ሆኖ ቀረበ፤ በመጋቢት 2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆች መግለጫ አምስተኛ አንቀጽም ያንኑ የአሞላልና የአሠራር ጉዳይ የያዘ ነው። ድርድሩ በየትኛው ጥያቄ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ሲወሰን ጥናት ይዞ የተገኘ ወገን ቀዳሚ ነበር፤ የካይሮ ተመራማሪዎችም ለአሥርተ ዓመታት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ የዓባይንና የቀይ ባሕርን ጉዳይ አያይዞ የሚመለከተው «ሁለቱ ውኃዎች» የተሰኘ አስተሳሰብ በአዲስ አበባ መድረኮች ላይ በሰፊው ይነሣል። ውይይቱ የሚካሄደውና የሚታተመው ግን በአብዛኛው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በካርቱም፣ በካይሮ፣ በጅዳና በዱባይ ያለው አንባቢ በራሱ ቋንቋ የሚያገኘው የኢትዮጵያ ጥናት እስካሁን በጣም ጥቂት ነው።