«99 ከመቶ ትክክል ነው» ሲሉኝ

የሠራተኛን መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ የአሻራ ማሽን እገጥማለሁ። ሥራዬ ከቃሊቲ ወዲያ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ። በየሄድኩበት የምሰማው አንድ ነው። «ማሽኑ 99 ከመቶ ትክክል ነው፤ አላነብም ካለ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው።» ኧረ በፈጠራችሁ!

ለመሆኑ 99ኙ የምኑ ነው? ማሽን ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ ባለቤቱን «አንተ አይደለህም» ብሎ መመለስ ነው። ሌላው ባዳውን «እለፍ» ማለት። ሁለቱ የሚለኩት ለየብቻ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ የሚነግራችሁ ሻጭ አንዱን ደብቋችኋል።

እሺ፣ ባለቤቱን የሚመልሰው 1 ከመቶ ብቻ ነው እንበል። 200 ሠራተኛ በቀን 2 ጊዜ፣ በወር 26 ቀን ሲነካ 10,400 ይሆናል። 1 ከመቶው 104 ነው። ይሄ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ቢሮ የሚቀመጠው ሒሳብ ሠራተኛ ምንም ላያገኘው ይችላል። ሲሚንቶ የሚያቦኩት ላይ ነው የሚከመረው።

ኮዬ ፈጬ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ጫፉ ተልጦ ልስልስ ብሏል፤ መስመር የሚባል የለውም። «ልጄ፣ ሲሚንቶ በላው» አሉኝ። ሥራ ገብተው የዋሉበት 3 ቀን «ቀሪ» ተብሎ ተቆርጦባቸዋል። ሁለት ሌሎች ደግሞ ከነጭራሹ መመዝገብ አልቻሉም። ያልተመዘገበ አይነካም፤ ስለዚህ ስህተቱ ውስጥ አይቆጠርም! እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚፈተሹበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይ ኤስ ኦ 19795፣ መመዝገብ ያልተቻለውን ለብቻ አስቆጥሮ የሚያስጽፈው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስትመዘግቡ ከሁለቱም እጅ ጣት ውሰዱ። ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር መዝግቡ። አቧራ የያዘውን መስታወት በየቀኑ ጥረጉ። ለማይሆንለት ሰው ካርድ ስጡት። ለእኚያ እናትም የሰጠናቸው ካርድ ነው።

«የማሽኑን የማመሳከር ጥብቀት አላላውና እንገላገል» የሚሉኝም አሉ። ሲላላ ባለቤቱ ቶሎ ያልፋል፤ ባዳውም ተከትሎት ያልፋል።

«100 ጊዜ ሞክረን አንዴም አልተሳሳተም።» ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ያህል ትንሽ ሙከራ እውነተኛው ስህተት እስከ 3 ከመቶ ሊደርስ የሚችልበትን ዕድል አያስቀርም።

«መለያ ቁጥር ምን ያደርጋል፣ ጣት ይበቃል።» ቁጥር አስገብታችሁ ስትነኩ ማሽኑ የሚያመሳክረው ከአንድ ሰው ጋር ነው። በጣት ብቻ ከሆነ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ነው። በአንድ ማመሳከር ባዳን የማሳለፍ ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው እንበል። 1,000 ሰው ከተመዘገበበት፣ ከ100 ባዳዎች ወደ 10 የሚጠጉት ከአንዱ ጋር ይመሳሰሉበታል። ማሽኑ ያው ነው፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

«የመንታ አሻራ አንድ ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ አይደለም። ገላን ላይ መንታ ወንድማማቾች መዝግቤያለሁ። ማሽኑ እስካሁን አላምታታቸውም። የሚያምታታቸው ዘበኛው ነው።