ሐልሽታት፦ የሚባለውና እውነታው

ፎቶዋን ያላየ ሰው ጥቂት ነው፤ ከገደል ሥር በሐይቅ ዳር የተደረደሩ የእንጨት ቤቶች፣ መሐላቸው ሹል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ብዙ ሰው ስዊዘርላንድ ትመስለዋለች። ሐልሽታት ያለችው ግን ኦስትሪያ ነው፤ ነዋሪዎቿም ስምንት መቶ አይሞሉም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ባቡሩ መንደሩ ድረስ ያደርሳል» ይባላል። አያደርስም። ጣቢያው ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ ከባቡር የወረደ ሰው በጀልባ ይሻገራል። ጀልባው ሌሊቱን ሙሉ አይሠራምና የመጨረሻውን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። እንዲያውም እስከ 1890 ድረስ መንደሩ የሚገባው በጀልባ ወይም በጠባብ የእግር መንገድ ብቻ ነበር።

«ለቱሪስት የተሠራ መንደር ነው» የሚሉም አሉ። መንደሩን ያቆመው ጨው ነው። ከበላዩ ካለው ተራራ ጨው ማውጣት ከተጀመረ ወደ 7000 ዓመት ይሆናል፤ ዛሬም ይወጣል። በማዕድኑ ውስጥ የተገኘ አንድ የእንጨት ደረጃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ጨው ስለያዘው ሳይበሰብስ ቆየ። እኔ ከቤቶቹ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ደረጃ ነው።

ቻይና ውስጥ የመንደሩ ግልባጭ አለ መባሉ ግን ሐሰት አይደለም፤ በ2012 በጓንግዶንግ ግዛት ተመርቋል።

«ነዋሪው እንግዳ በበዛ ቁጥር ደስ ይለዋል» የሚለውስ? ሰው በሚበዛበት ቀን እስከ 10000 ጎብኚ ይገባል። በ2023 ፎቶ የሚነሳበት ዋናው ቦታ ላይ እይታውን የሚከልል የእንጨት አጥር ቆመ፤ ትችት ሲበዛ ተነሣ። በዚያው ዓመት ነዋሪዎቹ ሰልፍ ወጡ። የቱሪስት አውቶቡስም አስቀድሞ ተራ ካልያዘ አይገባም።

በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት የተደረደሩት ከ1000 የሚበልጡ የራስ ቅሎች የወረርሽኝ ወይም የጦርነት ሙታን የሚመስሉት ጎብኚም ብዙ ነው። ነገሩ የመሬት ጥበት ነው። በተራራና በሐይቅ መሐል የተጣበበው መካነ መቃብር ለአዲስ ሟች ቦታ ሲያጣ የቀድሞው አጽም ይወጣ ነበር። የራስ ቅሉ ደጅ ተቀምጦ እስኪነጣ ይቆይ ነበር፤ ከዚያም በብዙዎቹ ግንባር ላይ ስም ይጻፍ፣ አበባ ወይም ቅጠል ይሳል ነበር። ልማዱ የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1983 ያረፉ አንዲት ሴት የራስ ቅላቸው እዚያ እንዲቀመጥ ተናዘው ነበር፤ በ1995 ገባ። የወርቅ ጥርሳቸው አሁንም ይታያል።