ፀረ ሐውልት ምንድን ነው?

በአማርኛ ሐውልት ይቆማል። «ሐውልት አቆሙለት» እንላለን፤ ከግእዝ የወረስነው ቃል ራሱ ቀጥ ብሎ የቆመን ዓምድ የሚያመለክት በመሆኑ፣ ከአክሱም ሐውልቶች አንሥቶ በስድስት ኪሎ እስካለው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ድረስ ልማዳችን ከዚህ ትርጉም ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ቀስ በቀስ መሬት ውስጥ የሚሰምጥ፣ ተገልብጦ የተቀበረ ወይም ሰው እየረገጠው የሚያልፍ ነገር ሐውልት ነው ሲባል ጆሯችን ቢያመነታ አያስደንቅም። በሥነ ጥበብ ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተሰጠው ስም ፀረ ሐውልት ነው።

ፀረ ሐውልት የጦርነትን፣ የጭፍጨፋን ወይም የግፍ አገዛዝን ትዝታ ለመጠበቅ የተሠራ፣ ይሁን እንጂ የተለመደውን ሐውልት ጠባይ፣ ማለትም ከፍታውን፣ ዘላለማዊነቱን፣ ጀግና አወዳሽነቱንና ለተመልካቹ ያለቀለት መልስ መስጠቱን ሆን ብሎ የሚጥስ የጥበብ ሥራ ነው። ፀረነቱ በመታሰቢያው ቅርጽ ላይ ነው፤ ማስታወስን ግን ከማንኛውም ሐውልት ይልቅ አጥብቆ ይጠይቃል። ሐሳቡ ጎልቶ የወጣው በ1980ዎቹ በምዕራብ ጀርመን ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ያንግ ነው።

በዚያች አገር መጀመሩ ምክንያት ነበረው። አንድ መንግሥት ለጀግኖቹ ወይም ለወደቁ ልጆቹ ሐውልት ማቆሙ የተለመደ ነው፤ የገዛ አገሩ ሰዎች የፈጇቸውን ሚሊዮኖች ግን በምን ዓይነት ድንጋይ ያስታውሳል? ናዚዎች ራሳቸው ግዙፍ ሕንፃና ግዙፍ ሐውልት ወዳዶች ስለነበሩ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ የተወለዱት የጥበብ ሰዎች ያንኑ ቅርጽ ተውሶ የናዚን ግፍ መዘከር ከባድ ስሕተት መስሎ ታያቸው። ሌላም ስጋት ነበራቸው፤ ይኸውም ሐውልት አንዴ ከቆመ በኋላ ሰው የማስታወሱን ሥራ ለድንጋዩ አስረክቦ ወደ ቤቱ ይገባል የሚል ነው።

ይህን ስጋት እስከ መጨረሻው ይዘው የሄዱት ዮኸን ጌርዝና የዚያን ጊዜ ባለቤቱ ኤስተር ሻሌቭ ጌርዝ ናቸው። የሐምቡርግ ከተማ በሐርቡርግ ክፍለ ከተማ ፋሺዝምን የሚቃወም ሐውልት እንዲሠሩ ሲጠይቃቸው፣ ጸጥ ያለ መናፈሻ ትተው ሰው ለገበያ የሚተላለፍበትን ሥፍራ መረጡ። በ1986 በዚያ የቆመው ዓምድ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ጎኑ 1 ሜትር ሲሆን፣ ውስጡ ክፍት፣ ላዩም በእርሳስ ማዕድን የተለበጠ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ማዕድን ስለሆነ ሹል ብረት በቀላሉ ይጭረዋል፤ ከዓምዱ ጋር የታሰረ የብረት መጻፊያም ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ በ7 ቋንቋዎች፣ ዐረብኛና ቱርክኛ ጭምር፣ የተጻፈው ግብዣ አላፊ አግዳሚው ስሙን እንዲጽፍና በመጻፉም ነቅቶ ለመጠበቅ ቃል እንዲገባ ይጠይቃል። ስሞቹ ዓምዱን በሸፈኑ ቁጥር ዓምዱ ወደ መሬት ዝቅ እያለ እንደሚሄድና አንድ ቀን ጨርሶ እንደሚጠፋም ያስታውቃል።

ሰው ግን እንደታሰበው ሥርዓት ይዞ አልፈረመም። አንዱ ስሙን ሲጽፍ ሌላው የእርሱን ስም ሰረዘ፤ የፍቅረኞች ስም ተጻፈ፤ የናዚ መስቀል ተጫረ፤ ጥይትም ተተኩሶበታል። የከተማው ሰዎች ዓምዱ ቆሸሸ፣ ተበላሸ ብለው አማረሩ። ለእኔ ግን ሥራው ትልቅ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ነጭ እምነ በረድ ቢሆን ኖሮ ሸፋፍኖ የሚያሳልፈውን፣ በዚያች ከተማ በ1980ዎቹ ገና ያልሞተውን ጥላቻ ዓምዱ በገላው ላይ ተቀብሎ ለሁሉም አሳየ። ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ቆይቶ በ1993 ሙሉ በሙሉ ከመሬት በታች ገባ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የዓምዱን ጫፍ ከእግሩ ሥር፣ ጎኑን ደግሞ ከታች ባለው መተላለፊያ በተከፈተች መስኮት በኩል ያያል።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከሐውልት ይልቅ ተዝካር የሚለው ቃል የሚቀርብ ይመስለኛል። ተዝካር አይቆምም፤ ይወጣል። በ40ኛው ቀን ሰው ካልተሰበሰበ፣ ጸሎት ካልተደረሰ፣ እንጀራው ካልተቆረሰ ተዝካር የሚባል ነገር የለም፤ ሙት ዓመቱም በየዓመቱ ሰው ካላሰበው ያልፋል። ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው ይህ ቃል ማስታወስን በሕይወት ያሉ ሰዎች ተራ በተራ የሚሸከሙት ሥራ አድርጎ ያየዋል። ጌርዞች ዓምዱን ሲያሰምጡ የጠየቁትም ይህንኑ ሸክም ነው።

ካሰል በምትባለው ከተማ የሆርስት ሆሃይዝል ሥራ ደግሞ የሚነሣው ከፍርስራሽ ነው። በከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት በ1908 አይሁዳዊው ባለሀብት ዚግሙንድ አሽሮት ያሠራው 12 ሜትር ከፍታ ያለው ፏፏቴ ነበር፤ በ1939 ናዚዎች የአይሁድ ፏፏቴ ነው ብለው አፈረሱት። ከዓመታት በኋላ የከተማው ሰዎች ማን እንዳፈረሰው ሲጠየቁ ብዙዎቹ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዞች ቦምብ የፈረሰ ይመስላቸው ነበር። ሆሃይዝል ፏፏቴውን እንደነበረ መልሶ ቢገነባው ይህን ርሳታ የሚያጸድቅ መሆኑን ተረድቶ፣ በ1987 የፏፏቴውን ቅርጽ በኮንክሪት ሠርቶ በቀድሞው ሥፍራ አናቱን ወደ ታች፣ 12 ሜትር ጥልቀት ድረስ ቀበረው። ውሃው ከላይ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል፤ ፏፏቴው ግን አይታይም። በርሊን ውስጥ ሚካ ኡልማን በ1995 ያጠናቀቀው፣ በ1933 ወደ 20,000 መጻሕፍት በተቃጠሉበት አደባባይ ሥር ያለው ባዶ የመጻሕፍት መደርደሪያም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው።

ከሁሉ የተስፋፋው ግን ጉንተር ዴምኒግ በ1990ዎቹ የጀመረው ነው። በናዚ የተሰደደ ወይም የተገደለ ሰው በፈቃዱ ይኖርበት ከነበረው የመጨረሻ ቤት ደጃፍ፣ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ላዩ ናስ የሆነ ድንጋይ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ይቀበራል። «እዚህ ይኖር ነበር» ይልና ስም፣ የትውልድ ዓመትና የደረሰበትን ያስከትላል። ጽሑፉን ለማንበብ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። በ2023 በኑረምበርግ 100,000ኛው ተቀብሯል። ሙኒክ ግን በከተማው መሬት ላይ አልፈቀደችም፤ ተቃዋሚዎቹም በዘመናቸው የተረገጡ ሰዎች ስማቸው ዳግመኛ ሊረገጥ አይገባም ይላሉ፣ ከእነርሱም መካከል ራሳቸው ከእልቂቱ የተረፉ አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሙታንን ስም መሬት ላይ ማድረግ በእኛም ዘንድ የሚከብድ ነው።

መርገጥን ወደ ፍትሕ የለወጠችው ኮሎምቢያዊቷ ዶሪስ ሳልሴዶ ናት። በ2016 የኮሎምቢያ መንግሥትና ፋርክ የተባለው የሽምቅ ጦር ሲስማሙ፣ ታጣቂዎቹ ያስረከቡት መሣሪያ ቀልጦ ሐውልት እንዲሆን ተወሰነ። ሳልሴዶ ለጠመንጃ ሐውልት አላቆምም አለች። 37 ቶን የሚመዝነው ብረት ቀልጦ ወደ 1,300 የሚጠጋ የወለል ንጣፍ ሆነ። የንጣፉን ቅርጽ ያወጡት በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መዶሻ ይዘው ላሜራውን የልባቸውን ያህል ቀጠቀጡት፣ የቀለጠውም ብረት የመዶሻቸውን ምት ይዞ ረጋ። ወለሉ የተነጠፈው በቦጎታ፣ የፈረሰ የቅኝ ግዛት ዘመን ቤት ግድግዳዎች ሳይጠገኑ እንዳሉ በተተዉበት ሥፍራ ነው። በ2018 የተከፈተው ይህ ቤት ጎብኚው ለ«ጠመንጃው» አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ምንም ነገር የለውም፤ የሚራመድበት ሻካራና ጥቁር ወለል ብቻ አለ።

ፀረ ሐውልት ለሁሉም አገር፣ ለሁሉም ሐዘን ይሆናል ማለት ግን አይቻልም። ሐርቡርግ ውስጥ ዓምዱን ማስመጥ የተቻለው፣ የተፈጸመው ግፍ በፍርድ ቤት፣ በመዝገብና በትምህርት ቤት ከታወቀ በኋላ ነው። የልጇን አጽም ገና ያላገኘች እናት፣ የሟቹ ስም አንድም ቦታ ሳይጻፍ፣ ባዶነትን እንደ መታሰቢያ እንድትቀበል መጠየቅ ጭካኔ ነው። እርሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ስሙ የተጻፈበት፣ ከሩቅ የሚታይ፣ የሚቆም ነገር ነው። ሳልሴዶ ወለሉን ብቻዋን ሠርታ ያልጨረሰችውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ባዶው ቤት ጦርነቱ የቆየበትን ያህል ለ53 ዓመታት ሌሎች የጥበብ ሰዎች ስለዚያ ጦርነት የሚሠሩትን እየተቀበለ እንዲያሳይ ታስቧል።