የቦዬ ረግረግና የጅማ ወንዞች

ጅማ ከባሕር ሩቅ ናት። የከተማዋ ውሃም ባሕር አይደርስም። አዌቱ ጅማን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ በግልገል ግቤ አድርጎ ኦሞ፣ በመጨረሻ ቱርካና ሐይቅ። ቱርካና መውጫ የለውም፣ ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ገደማውን የሚያመጣለትም ኦሞ ነው። ከዞኑ ውሃ ወደ ሜዲትራኒያን መንገድ የሚይዘው በአጋሮ በኩል ወደ ዴዴሳ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚወርደው ነው። ስለ ባሕርና ውቅያኖስ ጉዳት ሲወራ የሚነሱት የኦክስጅን ማነስ፣ ደለልና ፍሳሽ ግን ባሕር ሳያስፈልጋቸው እዚሁ ሰፈራችን ይታያሉ።

ቦዬ ከመሀል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጉማሬዎቹ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ጅማ በሂርማታ ገበያዋ የታወቀች ነበረች፤ ከተማዋ ወደ ረግረጉ የተጠጋችው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ጨፌው ዳር ጭቃ እየተቆፈረ ሸክላ ጡብ ይጋገራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ በቆሎ ይዘራል። አዌቱ በበኩሉ የባጃጅ እጣቢውን፣ ፌስታሉን፣ የሃይላንድ ጠርሙሱንና የጫቱን ገረባ ሰብስቦ ያመጣል። ረግረጉ ይሄን ሁሉ ያጣራል፤ ደለሉ በሣሩ መሀል ይሰክናል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱንም ተክሉ ይመገበዋል። በነፃ የሚሠራ ማጣሪያ ነው፣ እኛ ግን ከዳር ከዳሩ እየቆረስነው ነው።

ትልቁ ጉዳይ ቡናው ነው። እሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚሠሩት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ዝናቡ አቁሞ ወንዙ መቅጠን ሲጀምር። ቅርፊቱና ስኳር ያለበት ልጋጉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተሕዋስያን ይበዙበታል፣ ኦክስጅኑንም ይጨርሱታል። ውሃው ይጠቁራል፣ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል። በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 8 ይጠጋል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ መነሻው ራሱ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የእኛ ወንዝ አየሩ ሲሞቅ ብዙ የሚከስረው ትርፍ የለውም።

ይሄን ሁሉ ያወቅነው በአብዛኛው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋህደው የተፈጠረ ነው። ተማሪዎቹን ኅብረተሰቡ መሀል አውጥቶ በማስተማርም ስሙ የታወቀ ነው፣ ይሄን ስል አላፍርም። የውሃ ጥናቱም የሚሠራው ወንዙ ውስጥ ተገብቶ ነው። ቦቲ ጫማ ያደረገ ተማሪ ድንጋዩን በእግሩ ይቀሰቅሳል፣ ከታች መረብ ይዘረጋል፣ የተያዘውን ነጭ ሳህን ላይ ይገለብጣል። ላዩ ላይ ባለ ሦስት ጭራ ትንንሽ እጮች ሲርመሰመሱ ከታዩ ውሃው ደህና ነው። ቀይ ቀጫጭን ትል ብቻ ከሆነ ኦክስጅኑ በጣም አንሷል ማለት ነው። ያ ትል ቀይ የሆነው እንደ እኛ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ በጥቂት አየር መኖርም ይችላል።

ከቦዬ የሚያመልጠውን ደለል የግልገል ግቤ አንድ ግድብ ይጠብቀዋል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ቆሮሶ ዓሣም ይጠመድበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዩኒቨርሲቲው ጥናት ግን ሐይቁ በ24 ዓመት ውስጥ በደለል ሊሞላ ይችላል ብሎ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ የከበደ ይመስለኛል። ክረምት ላይ ወንዙ የሚያወርደውን ቀይ ውሃ ላየ ግን ጥናቱን ማጣጣል ይከብዳል። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዋሻ አልፎ የግልገል ግቤ ሁለት ማመንጫን ያንቀሳቅስና ኦሞ ይገባል። ደለሉ አብዛኛው እዚያው ከግድቡ ኋላ ይቀራል።