«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ»

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሐዘን ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ስዞር አንዲት እናት ብቻቸውን ጎንበስ ብለው የእድሩን ትልልቅ ድስቶች ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የደሴ ውሃ እጅ ይቆርጣል። «እማማ፣ ላግዝዎት» አልኳቸው። «ተው ልጄ፣ አንተ እንግዶቹን አስተናግድ» አሉኝ። ድንኳን ውስጥ ያሉትን ብጠይቅ ማን እንደሆኑ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ይኼ ነው» አሉ።

አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምንጩ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 3 ነው። ጌታ በተራራው ስብከቱ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም በተከታታይ ያስተምራል። ለሦስቱም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ሰው እንዲያይልህ ብለህ አታድርገው። ምጽዋት ስትሰጥ መለከት አታስነፋ ይልና፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሎ ይጨምራል።

ብዙ ሰው «ግራህ» የሚለውን ጎረቤት ወይም ምቀኛ አድርጎ ይረዳዋል። በእኛ ቋንቋ ግራ ብዙም ክብር ስለሌለው ይመስለኛል። ጠዋት ስንወጣ «ቀኝ አውለኝ» እንላለን። ነገር ሲጠፋን ደግሞ «ግራ ገባኝ» ነው። በድሮው ማዕረግም ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል። ስለዚህ ግራ ሲባል መጥፎ ሰው ቢታየን አይገርምም።

ግን ሁለቱም እጆች የራስህ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ግራ እጅ ቀኝ የሚሠራውን ሳያውቅ አይቀርም። ለትልቅ ሰው ዕቃ ስናቀብል ግራ እጃችን የቀኙን ክንድ ደገፍ ያደርጋል። እንግዳ ስናስታጥብ በቀኝ ማንቆርቆሪያውን እንይዛለን፤ በግራ ሳፋውን። አባባሉ ለእኛ ጠንከር የሚለው ለዚህ ነው። አብሮ የሚሠራው እጅ ራሱ አይወቅ ነው የሚለው!

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንን ሲተረጉም ጉዳዩ የእጅ አይደለም ይላል። ቢቻልህ አንተ ራስህም አትወቀው ለማለት ነው፤ ነገሩን አጉልቶ ለማሳየት በእጅ ተናገረው። እኔም ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሰው መደበቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከባዱ ከራስ መደበቅ ነው። ማንም ሳያየኝ ሠርቼ ማታ ተኝቼ «ዛሬ እኮ እንዲህ አደረግሁ» እያልኩ ካጣጣምኩት ግራዬ አውቋል። በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ጻድቃኑ «ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ትሕትና ለማሳየት ያሉት አይመስለኝም። የምር ረስተውታል።

«ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» የሚለውስ? የሚል አለ። እሱም ከዚያው ስብከት ነው፣ ምዕራፍ 5። መጨረሻውን ማንበብ ይበቃል፤ ሰዎች አይተው የሰማዩን አባት እንዲያከብሩ ነው የሚለው። እርዳታ ተቀባዩን ዱቄት አሸክሞ በስልክ መቅረጽ ግን ያሳዝነኛል። የዚያን ሰው ፊት ማን ይመልስለታል?

ደሴ ላይ ይህን አባባል ከሙስሊም ጎረቤትም ትሰማዋለህ። በሐዲስ፣ በትንሣኤ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱ፣ ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ሰደቃውን የደበቀ ነው። በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሰዎች በዚህም ይግባባሉ።

ቃሉ የተነገረው ስለ ምጽዋት ቢሆንም ሕዝቡ ለጉልበት ሥራም ይጠቀምበታል። ልክ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚሰጠው ጉልበቱን ነው። በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታ ከእራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ ነው። ያን ጊዜ ይሁዳም ገና አልወጣም ነበር፤ የእሱም እግር ታጥቧል። ያ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን በአደባባይ ይፈጸማል። የተቀረው ዓመት ግን የጓዳ ነው፤ የታመመ ሰው ልብስ ማጠብ፣ ለጎረቤት አሮጊት ውሃ መቅዳት፣ ከሰንበቴ በኋላ ቀርቶ መጥረግ። ልምምዱ ያለው እዚያ ነው። እኔ ስሞክረው የሚከብደኝ ሥራው አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለኝ ሲጠፋ ይከፋኛል። ያ ቅሬታ ሲመጣ ለማን ስሠራ እንደነበር አያለሁ።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያስተናግዳል ለማለት ነው። ማን እንዳበላና ማን እንደበላ እስከ ዛሬ ይወራል። ከኋላ ድስቱን ማን እንዳጠበ ግን የሚነግረን የለም። እኔ እነሱን ነው የማስበው።

ለሟቹ አርባ ተመልሼ ሄድኩ። እኚያ እናት ያው ጓሮ ናቸው፣ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና «ለቅሶው ቀን ያን ሁሉ ድስት ብቻዎን ሲያጥቡ አይቼዎት ነበር» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንጃ ልጄ፣ አጥቤ ይሆናል» አሉኝ። «በል ያንን ሳፋ አቀብለኝ።»