አካዴሚያዊ ስሜት ምንድን ነው?

ሳይንስ የተማሩ እጩ መምህራን በኮቪድ ጊዜ ከሌላው ሰው ያነሰ መፍራት ነበረባቸው፣ የፈሩትም ትምህርቱ ስላልገባቸው ነው የሚል አስተያየት በድሬዳዋ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተናጋሪ «አካዴሚያዊ ስሜት»ን ለዚሁ ማስረጃ አድርጎ ሲጠቅስ ስሰማ ዝም ማለት ከበደኝ።

ቃሉ ከመማርና ከትምህርት ውጤት ጋር የተያያዘ ስሜትን ያመለክታል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ራይንሃርድ ፔክሩን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ስሜቱ የሚመነጨው ተማሪው ለጉዳዩ ከሚሰጠው ዋጋና ውጤቱ በእጁ ስለመሆኑ ካለው ግምት ነው። ፈተና መውደቅን መፍራት ከውጤት ጋር የተያያዘ አካዴሚያዊ ስሜት ነው፤ ስለ ቫይረሱ እያነበቡ ቫይረሱን መፍራት ግን በርዕሱ የሚቀሰቀስ ሌላ ዓይነት ስሜት ነው። ተናጋሪው ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል።

ከዚህ የባሰው ስህተቱ ዕውቀት ሁልጊዜ ፍርሃትን ይቀንሳል ብሎ ማሰቡ ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ እናስብ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ በከተማው ላይ ዝናብ ካልጣለ እንግዳ ሰው በዳርቻው ያለ ሥጋት ይተኛል። ጎርፉ ከላይ እንደሚወርድ የሚያውቅና በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን ሌሊት የሚያስታውስ ነዋሪ ግን፣ ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ፣ በደንገጎ በኩል ደመና ሲጠቁር ልጆቹን ይቀሰቅሳል። ይህ ሰው የሚረጋጋው የሚሸሽበት ከፍ ያለ ቦታ ሲኖረው ነው፤ የመከላከያ ግንቡን ደግሞ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ብዙ እጩ መምህራን ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነበር። ምልክት የማያሳይ ሰው በሽታውን እንደሚያስተላልፍ የተረዳች እጩ መምህርት፣ ከአያቷ ጋር በአንድ ክፍል እየኖረች ውኃ በጀሪካን የምትቀዳ ከሆነ፣ ይህን ከማያውቀው ጎረቤቷ ይልቅ ብትፈራ ትምህርቱ በሚገባ ገብቷታል ማለት ነው። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን እንደሚያፈርስ ለሰፈሩ ልጆች ማስረዳት ስትችል ደግሞ፣ ያው ሳይንስ ከፍርሃቱ ጎን ማስተማር በመቻሏ የሚሰማ እርካታ ሊሰጣት ይችላል፤ ይህኛው በእርግጥ ከውጤት ጋር የተያያዘ አካዴሚያዊ ስሜት ነው።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እነዚህ ስሜቶች በአብዛኛው የሚለኩት በመጠይቅ ሲሆን፣ በአማርኛ «ጭንቀት» የምንለው ሥጋትንም፣ የኑሮ ጫናንም፣ የልብ መጥበብንም ይይዛል። አፏን በኦሮምኛ፣ በሐረሪ ወይም በሶማሊኛ የፈታች ተማሪ ይህን ቃል በመጠይቁ ላይ ስታገኘው የትኛውን እንደመለሰች ሳይጠየቅ፣ ከቁጥሩ ተነሥቶ «ሳይንስ አረጋጋቸው» ወይም «አስፈራቸው» ማለት አይቻልም።