ጁዲ ዴንች፦ ከቦንድ አለቃነት በፊት የነበሩት 38 ዓመታት

ስለ እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ጁዲ ዴንች በተለምዶ የሚባሉ ስድስት አባባሎች በጥቅስ ቀርበዋል፤ ከሥራቸው ያለው እርማታቸው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዝነኛ ያደረጋት ጄምስ ቦንድ ነው።»
በስለላ ፊልሞቹ የቦንድን አለቃ ኤምን መጫወት የጀመረችው በ1995 ነው፤ ያኔ 60 ዓመቷ ነበር። ወደ ሙያው የገባችው ግን በ1957፣ በኦልድ ቪክ የቴአትር ቡድን ውስጥ በ«ሐምሌት» ኦፌሊያን ሆና ነው።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ሕልሟ ትወና ነበር።»
አልነበረም። መጀመሪያ የተማረችው የመድረክ ዲዛይነር ለመሆን ነው።

«የመድረክ ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲቆም ያጋንናል።»
በጣም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ለማረምም የ1976ቱን «ማክቤዝ» ማየት ይበቃል። ትሬቨር ነን ያዘጋጀው ይህ ቴአትር የታየው ስትራትፎርድ በሚገኝ ትንሽ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ተራ የእንጨት ሣጥኖች፤ ተመልካቹ ደግሞ የተዋናዩን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ቀርቦ ይቀመጣል። በትልቅ አዳራሽ ድምፅ የኋላውን ወንበር መድረስ አለበት። እዚያ ግን ሹክሹክታም ይበቃል፣ የዐይን ሽፋን ሲርገበገብ እንኳ ይታያል። ካሜራም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሥራው በኋላ ለቴሌቪዥን ስለተቀረጸ፣ ዴንች የተጫወተቻት ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድበትን ትዕይንት ተመልከቱ፦ ሼክስፒር «ኦ፣ ኦ፣ ኦ» ብሎ ብቻ የጻፈውን፣ ዴንች እየቀጠነ የሚሄድ ረጅም ሲቃ አድርጋዋለች። ፊቷ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም።

«በስምንት ደቂቃ ኦስካር ማግኘቷ ዕድል ነው።»
በ1998ቱ ፊልም «ሼክስፒር ኢን ላቭ» ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና የታየችው በእርግጥም ለስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ነገር ግን ገና ስትገባ ሥልጣኗ እንዲታመን የሚያደርገው ዐረፍተ ነገር አመዛዘኗ ነው፤ ይህ ደግሞ በአርባ ዓመት የመድረክ ሥራ የተገኘ ነው። በዚያ ላይ በኦስካር ስምንት ጊዜ ታጭታለች።

«የምትችለው ሼክስፒርን ብቻ ነው።»
በ1968 ለንደን ውስጥ በሙዚቃዊው ቴአትር «ካባሬ» ሳሊ ቦውልስን ዘፍና ተጫውታለች። በ1980ዎቹ ደግሞ ከባለቤቷ ማይክል ዊልያምስ ጋር በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ሠርታለች።

«ዐይኗ ሲደክም መድረኩን ተወች።»
ሕመሟን በ2012 ይፋ አደረገች። ሕመሙ የሚያጠቃው የእይታን መሐል፣ ማለትም ፊደል የምናነብበትን ክፍል ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የከበዳት ጽሑፍ ማንበብ ነበር። መፍትሔው ጆሮ ሆነ፦ ሰው ያነብላታል፣ እሷ ደጋግማ እያለች በቃሏ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ በለንደኑ ጋሪክ ቴአትር በ«የክረምት ተረት» ፓውሊናን ተጫውታ፣ በ2016 የብሪታንያን የቴአትር ሽልማት ኦሊቪዬን ወስዳበታለች።